ዳቦው ነው ወይስ ሽንኩርቱ? ስለ ግሉተንና ስለ አይቢኤስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

«ዳቦ ስበላ ሆዴ ይነፋል፣ ስለዚህ ግሉተን አይስማማኝም።» ይህን ከብዙ ሰው እሰማለሁ። እኔም ለሁለት ዓመት ያህል እንዲሁ ስል ኖሬያለሁ። በኋላ የእኔ ነገር አይቢኤስ የሚባለው የአንጀት አሠራር መረበሽ ሆኖ ተገኘ፣ እስከዚያ ድረስ ግን ብዙ ገንዘብ፣ ብዙ መድኃኒትና ብዙ የተጨነቀ ሌሊት አልፏል። ሐኪም አይደለሁም። ያነበብኩትን፣ ከሐኪሞች የሰማሁትንና በራሴ ሆድ ያየሁትን ነው የምጽፈው፤ ጥያቄዎቹም ከዘመድ ከወዳጅ እየደጋገሙ የሚመጡልኝ ናቸው።

ግሉተን ምንድን ነው? የትኛው ምግባችን ውስጥ አለ?

ግሉተን በስንዴ፣ በገብስና ራይ በሚባለው የፈረንጅ እህል ውስጥ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። የስንዴ ሊጥ ሲጎተት የሚለጠጠው በእሱ ነው። ዳቦ፣ ፓስታ፣ መኮሮኒ፣ ሳምቡሳ፣ ብስኩት ውስጥ እንዳለ ሁሉም ያውቃል። የሚረሳው የገብሱ ወገን ነው። በሶ አለ፣ የገብስ ገንፎ አለ፣ ከቡና ጋር የሚቀርበው የገብስ ቆሎ አለ። ቂንጬም ብዙ ጊዜ ከስንዴ ነው የሚሠራው። ቢራና ጠላም ብቅል ስላላቸው ከዝርዝሩ አይወጡም። ጤፍ፣ ማሽላ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ቆጮና ቡላ ግን ግሉተን የላቸውም።

አይቢኤስ ማለትስ?

በአንጀትና በአእምሮ መካከል ያለው መልእክት ሲዛባ የሚመጣ የአንጀት ችግር ነው። አንጀቱ ሲታይ ቁስል የለውም፣ አሠራሩ ግን ተረብሿል። አንዳንዴ ይፈጥናል፣ አንዳንዴ ይዘገያል፣ ሌላው ሰው ጨርሶ የማይሰማው ትንሽ ጋዝ ለእኛ እንደ ቁርጠት ይሰማናል። ሐኪሞች የሚመሩበትና እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው «ሮም 4» የሚባል መስፈርት አለ። በእሱ መሠረት ባለፉት 3 ወራት በአማካይ ቢያንስ በሳምንት 1 ቀን የሆድ ሕመም መኖር አለበት፣ ከዚያ ሦስት ነገሮች ይታያሉ፦ ሕመሙ ከመጸዳዳት ጋር መያያዙ፣ የመጸዳዳቱ ብዛት መጨመሩ ወይም መቀነሱ፣ የሰገራው መልክ መለወጡ። ከእነዚህ ሦስቱ ቢያንስ ሁለቱ መሟላት አለባቸው፣ ችግሩም ከጀመረ 6 ወር ያለፈው ይሁን ይላል። አንዱን ተቅማጥ ይበዛበታል፣ ሌላውን ድርቀት፣ እንደ እኔ ያለውን ደግሞ ሁለቱም በየተራ።

የምርመራ ውጤት ሁሉ ደህና ስለሆነ «ምንም የለብህም» የሚባል ሰው ብዙ ነው። እባካችሁ ይህን አትቀበሉ። ቁስል የለም ማለት ሕመም የለም ማለት አይደለም።

ሴሊያክ የሚባለው ከግሉተን አለመስማማት ይለያል?

አዎ፣ በጣም ይለያል። ሴሊያክ ላይ ግሉተን ሲገባ የሰውነት መከላከያ ተነስቶ የራሱን ትንሹን አንጀት ያጠቃል። ምግብ የሚመጥጠው የአንጀት ገጽ እየተላጨ ይሄዳል፣ ከዚያ ብረትና ቫይታሚን አይገባም፣ ደም ማነስ ይመጣል፣ አጥንት ይሳሳል። በዓለም ላይ ከ100 ሰው 1 ያህሉ እንዳለበት ይገመታል፣ አብዛኛው ግን አያውቅም። ግሉተን ጠላት መሆኑን የደረሰበት ዊለም ካረል ዲከ የሚባል የሆላንድ የሕፃናት ሐኪም ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጨረሻ፣ እ.ኤ.አ. በ1944ቱ የረሀብ ክረምት፣ ዳቦ ከሆላንድ ሲጠፋ የእሱ ታማሚ ልጆች ተሻላቸው፣ ዳቦው ሲመለስ ደግሞ ታመሙ።

«ግሉተን አይስማማኝም» የምንለው ሌላው ነገር፣ ሐኪሞች ሴሊያክ ያልሆነ የግሉተን ስሜታዊነት የሚሉት ነው። አንጀት አይጎዳም፣ የሴሊያክ የደም ምርመራውም ምንም አያሳይም፣ ሰውየው ግን ስንዴ በበላ በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ ይነፋል፣ ይደክመዋል፣ ራሱን ያመዋል፣ ሐሳቡ ይደበዝዝበታል። ይህን ለይቶ የሚያሳይ የደምም ሆነ የሰገራ ምርመራ እስከ ዛሬ የለም። መጀመሪያ ሴሊያክና የስንዴ አለርጂ አለመሆኑ ይረጋገጣል፣ ከዚያ በምግብ ሙከራ ብቻ ነው የሚታወቀው።

ታዲያ አይቢኤስና የግሉተን ስሜታዊነት በምን ይለያሉ?

በምልክት ብቻ መለየት አይቻልም፣ ይህን ቀድሞ ማወቅ ብዙ ድካም ያድናል። ሁለቱም ይነፋሉ፣ ሁለቱም ይቆርጣሉ፣ ሁለቱም ሽንት ቤት ያመላልሳሉ። አንዳንድ ጥቆማ ግን አለ። ከሆድ ውጭ ያለው ነገር ሲበረታ፣ ድካሙ፣ ራስ ምታቱ፣ የመገጣጠሚያ ሕመሙ ከስንዴ ጋር ተያይዞ ሲመጣና ሲሄድ ሐሳቡ ወደ ግሉተን ያደላል። ሕመሙ ከመጸዳዳት ጋር ሲያያዝ፣ ጭንቀት ሲበዛ ሲብስ፣ ስንዴ የሌለበት ምግብም ሲቀሰቅሰው ደግሞ አይቢኤስን መጠርጠር ነው። አንድ ሰው ላይ ሁለቱም ሊኖሩ እንደሚችሉም አትርሱ።

ዳቦ ሳቆም ተሻለኝ። ይህ በቂ ማስረጃ አይደለም?

አይደለም። ለእኔም ይህን መቀበል ነበር ከሁሉ የከበደኝ።

ዳቦ ውስጥ ያለው ግሉተን ብቻ አይደለም። ስንዴ ፍሩክታን የሚባል ካርቦሃይድሬትም አለው። ፍሩክታንን የማንም ሰው ትንሹ አንጀት አይፈጨውም። ሳይፈጭ ወደ ትልቁ አንጀት ይወርዳል፣ እዚያ ያሉት ባክቴሪያዎች ያቦኩታል፣ ጋዝ ይፈጠራል። ጤነኛ ሰው ትንሽ ጋዝ አውጥቶ ይረሳዋል። አይቢኤስ ያለበት ሰው ሆድ ግን ከበሮ ይሆናል። ስለዚህ ዳቦ ስታቆሙ ግሉተኑም ፍሩክታኑም አብረው ነው የሚቀሩት፣ የትኛው እንደጠቀማችሁ በምን ታውቃላችሁ?

ይህን ለመለየት ኖርዌይ ውስጥ አንድ ጥሩ ጥናት ተሠርቷል፣ ውጤቱም እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ሴሊያክ የሌለባቸውና «ግሉተን አይስማማንም» ብለው ራሳቸው ግሉተን ያቆሙ 59 ሰዎች ሦስት ዓይነት ጣፋጭ ብስኩት መሰል ምግብ በየተራ ተሰጣቸው። አንዱ ግሉተን ነበረው፣ አንዱ ፍሩክታን፣ አንዱ ሁለቱም አልነበረውም። የትኛው የቱ እንደሆነ አያውቁም። በአጠቃላይ ሲታይ ሆዳቸውን ይበልጥ የረበሸው ፍሩክታኑ ነበር። ግሉተኑ ሁለቱም ከሌለው የረባ ልዩነት አላሳየም። ከዚያ በፊትም እ.ኤ.አ. በ2013 ከአውስትራሊያው ሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ተመሳሳይ ነገር ወጥቶ ነበር፦ ሆድ የሚነፉት ካርቦሃይድሬቶች ከምግቡ ሲቀነሱ ሰዎቹ ተሻላቸው፣ ከዚያ ግሉተን ብቻውን ሲጨመር ለብቻው ያመጣው ችግር አልታየም።

ግሉተን በጭራሽ ንጹሕ ነው እያልኩ አይደለም። በእርግጥ በግሉተን የሚታመሙ ሰዎች አሉ። ነገር ግን ራሳቸውን እዚያ ውስጥ ከሚቆጥሩት ብዙዎቹ ሌላ ምክንያት ነው ያላቸው።

እና አሁን ወደ ወጣችን እንምጣ። ከምግብ ሁሉ ፍሩክታን ከሚበዛባቸው ውስጥ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት አሉ። ቀይ ወጥ ምንድን ነው? ቁሌቱ ምንድን ነው? ለአንድ ዶሮ ስንት ኪሎ ሽንኩርት እንደሚከተፍ ታውቃላችሁ። እኔ ዳቦ ትቼ፣ በኩራት የጤፍ እንጀራ በሽሮ እየበላሁ፣ ማታ ማታ ግን ሆዴን ይዤ እተኛ ነበር። ሽንኩርት ግሉተን የለውም። ስለዚህ ስንዴ ያልነካ ወጥ ሆዳችሁን ከነፋ፣ ያ ነፊ ግሉተን አይደለም።

ከምርመራ በፊት ዳቦ ላቁም?

አታቁሙ! ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ። የሴሊያክ የደም ምርመራ ግሉተን ሲገባ ሰውነት የሚሠራውን አንቲቦዲ የሚባል የመከላከያ ፕሮቲን ነው የሚፈልገው። ግሉተን ካቆማችሁ አንቲቦዲው ይወርዳል፣ አንጀቱም ማገገም ይጀምራል፣ ምርመራው «የለም» ይላል፣ በሽታው ግን አለ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ምክር ከምርመራው በፊት ለ6 ሳምንት ያህል በየቀኑ፣ ከአንድ ጊዜ በላይ ግሉተን ያለበት ምግብ መብላት ነው።

እኔ ይህን የነገረኝ ሰው አልነበረም። አምስት ወር ዳቦ ካቆምኩ በኋላ ነው ለምርመራ የሄድኩት፣ ሐኪሟም መልሼ እንድበላ አዘዘችኝ። እነዚያን ስድስት ሳምንታት በደንብ አስታውሳቸዋለሁ፣ ለማንም አልመኝም።

የደሙ ምርመራ ቲቲጂ ይባላል፣ አብሮት አይጂኤ የሚባለው የአንቲቦዲ ዓይነት አጠቃላይ መጠን መታየት አለበት፤ አይጂኤ በተፈጥሮ የሚያንሰው ሰው ላይ ውጤቱ ያሳስታል። ደሙ ጥርጣሬ ካሳየ ብዙ ጊዜ በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ፣ ከትንሹ አንጀት ናሙና ይወሰዳል። አንድ የዘር ምርመራም አለ፣ ዲኪው2 እና ዲኪው8 የሚባሉትን ጂኖች የሚያይ። ሁለቱም ከሌሉ ሴሊያክ የለም ማለት ይቻላል። መኖራቸው ግን በሽታው አለ ማለት አይደለም፣ ከጤነኛው ሕዝብም ብዙ ሰው አለውና።

እንጀራስ? ጤፍ ግሉተን የለውም አይደል?

ጤፍ የለውም። እንጀራው ግን የተለየ ጥያቄ ነው። ጤፍ ሲወደድ ስንዴ ወይም ገብስ የሚቀላቅል አለ። አሜሪካና አውሮፓ ደግሞ ምግብ ቤቶች የስንዴ ወይም የገብስ ዱቄት መጨመራቸው በጣም የተለመደ ነው። እንጀራው በደንብ ዓይን እንዲያወጣና እንዲለሰልስ ነው፣ ክፋት የለውም፣ ሴሊያክ ላለበት ሰው ግን መርዝ ነው። «ጤፍ ነው?» ብላችሁ ብትጠይቁ «አዎ» ይሏችኋል። «ከጤፍ ሌላ ምን ገብቶበታል?» ብላችሁ ጠይቁ።

ሴሊያክ የተረጋገጠበት ሰው ወፍጮ ቤቱንም ማሰብ አለበት። ስንዴና ገብስ የተፈጨበት ድንጋይ ላይ ነው ጤፉ የሚፈጨው፣ ሽሮውም እንዲሁ። እርሾውም ከሌላ ሊጥ የመጣ ሊሆን ይችላል። አሜሪካና አውሮፓ «ከግሉተን ነፃ» የሚል ጽሑፍ ለመለጠፍ ግሉተኑ በአንድ ኪሎ ምግብ ከ20 ሚሊግራም መብለጥ የለበትም፣ ይህም የጥቂት ብናኝ ያህል ነው። አይቢኤስ ያለበት ሰው ግን ስለ ብናኝ አይጨነቅ። ምርመራውን አስቀድሙ የምለው ለዚህም ነው፤ ሳያስፈልግ ዕድሜ ልክ በየሰው ቤት «ዱቄቱ ከየት ነው?» እያሉ መኖር ከባድ ነው።

ዳቦ ቤት የሚሸጠው ሲነፋኝ፣ እናቴ የጋገረችው ድፎ ግን ምንም አይለኝም። ለምን?

ድፎው በእርሾ ቀስ ብሎ፣ አድሮ ከቦካ እርሾው ፍሩክታኑን በከፊል ይበላዋል። ግሉተኑ ግን አብዛኛው እዚያው ነው። ስለዚህ ድፎው ከተስማማችሁ ችግሩ ፍሩክታን የመሆን ዕድሉ ይጨምራል። ሴሊያክ ያለበት ሰው ግን ድፎም አይነካም።

«አሜባ ነው» ብለው መድኃኒት ይሰጡኛል፣ ይሻለኛል፣ ከዚያ ይመለሳል።

ይህ የብዙዎቻችን ታሪክ ነው። አንድ ክሊኒክ በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ ፍላጅል አዞልኛል፣ ሁለቱ ሰገራዬ ሳይታይ ነው። አሜባና ጃርዲያ በእርግጥ አሉ፣ ጃርዲያማ መነፋቱም ተቅማጡም አይቢኤስን ቁርጥ ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ መመርመሩ ተገቢ ነው። ነገር ግን ከከባድ የአንጀት ኢንፌክሽን በኋላ ተዋሲያኑ ጠፍቶ አንጀቱ ተቆጥቶ የሚቀርበት ጊዜ አለ። እንዲህ ካለ ሕመም ከሚድኑት 10 ሰዎች 1 ያህሉ አይቢኤስ ይከተለዋል። ያኔ ተጨማሪ ፍላጅል አይረዳም። ሰገራው በላቦራቶሪ ሳይታይ መድኃኒት ከታዘዘላችሁ «ይታይልኝ» የማለት መብት አላችሁ።

ወተትም አትርሱ። ላክቶስ የሚባለው የወተት ስኳር የማይፈጭለት ሰው በአገራችን ብዙ ነው። ማኪያቶ ከክሩዋሳን ጋር በልታችሁ ክሩዋሳኑን ብቻ አትውቀሱ።

ጾም ሲገባ የሚብስብኝ ለምንድን ነው?

ሽሮ፣ ምስር፣ ክክ፣ ባቄላ። ጥራጥሬ ውስጥ የፍሩክታን ዘመድ የሆነ፣ እንደ እሱ የማይፈጭ ካርቦሃይድሬት አለ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ሽሮ በብዙ ሽንኩርት መብላት ለአይቢኤስ ሆድ ቀላል አይደለም። በዚያ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ባዶ ሆድ ቆይቶ በአንዴ ጠግቦ መብላት አለ።

ጾሙን ተዉት አልልም፣ እሱ የእናንተና የንስሐ አባታችሁ ነው። የሚረዱ ነገሮች ግን አሉ። ምስሩንና ክኩን አሳድራችሁ ዘፍዝፉት፣ ውኃውን ድፉት፣ በአዲስ ውኃ ቀቅሉ፣ ከሚነፋው ነገር የተወሰነው ከውኃው ጋር ይሄዳል። የሽሮውን መጠን ቀንሱና ድንች፣ ካሮት፣ ጎመን፣ ሩዝ ጨምሩ። ዘጠኝ ሰዓት ሲደርስ ትንሽ ብሉ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ ድገሙ።

ፎድማፕ የሚባለው አመጋገብ በእኛ ምግብ ይሠራል?

ይሠራል፣ ትዕግሥት ግን ይጠይቃል። የሞናሽ ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ያወጡት ሲሆን ሐሳቡ አንጀት ውስጥ የሚቦኩትን ካርቦሃይድሬቶች ለጊዜው መቀነስ ነው። ከ2 እስከ 6 ሳምንት ትቀንሳላችሁ፣ ከዚያ አንድ በአንድ ትመልሳላችሁ፣ በመጨረሻ የማይስማማችሁን ብቻ ትተዋላችሁ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው የመጀመሪያው ላይ ቀርቶ ነው። ለዓመታት እንደዚያ መቆየት ጠቃሚ የአንጀት ባክቴሪያዎችን ይጎዳል፣ ሰውንም ያከሳል። ቢቻል ከሥነ ምግብ ባለሙያ ጋር ይሁን።

ወጡን ሳይተዉ ሽንኩርቱን መተው ከባድ ነው፣ አውቃለሁ። አንድ ዘዴ ግን አለ። ፍሩክታን በውኃ ይሟሟል፣ በዘይት ግን አይሟሟም። ነጭ ሽንኩርቱን ሳትከትፉ ዘይት ላይ ጥበሱት፣ መዓዛውን ከሰጠ በኋላ ፍሬውን አውጥታችሁ ጣሉት፣ ውኃ ከዚያ በኋላ ነው የሚገባው። የባሮ ሽንኩርት አረንጓዴ ቅጠሉም ብዙ አይነፋም፣ ነጩን ክፍል ግን ተዉት። ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ አሉን፣ ያለ ሽንኩርትም ጣዕም አናጣም። እኔ መጀመሪያ የሞከርኩት አልጫ ነበር፣ ቤተሰቡ ሁሉ በልቶ ልዩነቱን የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው።

ማር፣ ማንጎ፣ አቮካዶና ሐብሐብም ከሚነፉት ውስጥ ናቸው። በርበሬና ቡና ደግሞ ፎድማፕ ባይሆኑም አንጀት ይቀሰቅሳሉ። ተልባ ግን ሞክሩት፣ በቀን እስከ አንድ የሾርባ ማንኪያ፣ ከበቂ ውኃ ጋር። ድርቀትና መነፋት ላለበት እንግሊዝ አገርም የሚመከር ነው።

«ጭንቀት ነው» ይሉኛል። በራሴ ፈጥሬው ነው?

አይደለም። አንጀት የራሱ የነርቭ መረብ አለው፣ ከአእምሮ ጋር ቀን ከሌሊት ይነጋገራል። ጭንቀት ሕመሙን ያባብሳል፣ ሕመሙም ጭንቀት ይወልዳል። ለዚህ ነው የእግር ጉዞ፣ እንቅልፍና የሥነ ልቦና ሕክምና አይቢኤስን በእርግጥ የሚያሻሽሉት። አሚትሪፕቲሊን የሚባለው መድኃኒት በትንሽ መጠን ሲታዘዝም ድብርት አለብህ ማለት ሳይሆን ነርቩን ለማረጋጋት ነው። የናና ዘይት እንክብልም ቁርጠት ላይ ይረዳል።

ልጄ ሆዱን ያመዋል፣ ዳቦ ላስቁመው?

ከምርመራ በፊት አይደለም። በተለይ ክብደቱና ቁመቱ ከእኩዮቹ ወደ ኋላ ከቀረ ቶሎ ወደ ሕፃናት ሐኪም ውሰዱት።

አይቢኤስ ነው ብዬ መተው የሌለብኝ ምን ሲታይ ነው?

ሰገራ ላይ ደም ካለ ወይም ሰገራው እንደ ሬንጅ ከጠቆረ። ሳትፈልጉ ከከሳችሁ። ደም ማነስ ከተገኘ። ትኩሳት ካለ። ተቅማጡ ወይም ሕመሙ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ ከሆነ። ችግሩ ለመጀመሪያ ጊዜ የጀመረው ከ50 ዓመት በኋላ ከሆነ። ከቤተሰብ የአንጀት ካንሰር፣ ሴሊያክ ወይም የአንጀት ብግነት ያለበት ሰው ካለ። ከእነዚህ አንዱ ካለ ምግብ መሞከሩን ትታችሁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ካልፕሮቴክቲን የሚባል የሰገራ ምርመራ አለ፣ አንጀት ውስጥ ብግነት መኖር አለመኖሩን ይጠቁማል፣ በምትሄዱበት ቦታ መኖሩን ጠይቁ።

ሐኪም ዘንድ ስሄድ ምን ይዤ ልሂድ?

የሁለት ሳምንት ማስታወሻ። ምን እንደበላችሁ፣ በስንት ሰዓት፣ መቼ እንደነፋችሁ ወይም እንደቆረጣችሁ፣ ሰገራው ጠጣር ይሁን ቀጭን፣ ያን ቀን የነበረውን ጭንቀት፣ ሴቶች ደግሞ የወር አበባ ቀናችሁን ጻፉ። «ሽሮ» ብቻ አትበሉ፣ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ገብቶበት እንደሆነ ጻፉ። የወሰዳችሁትን መድኃኒት ሁሉ ከነስሙ፣ የድሮ የላቦራቶሪ ወረቀቶችንም ያዙ። እና እስከዚያ ቀን ድረስ ዳቦውን ብሉ።